ከበረት እስከ ማሳ በወላይታ አገር

ከሶዶ ከተማ ወጥቶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በቆሎው ጸጉር በሚያወጣበት ወራት ወደ አንድ ገበሬ ግቢ ጎራ ብሎ ከቤቱ ጓሮ ቁልቁል ቢወርድ፣ ለበረቱ የቀረበው በቆሎ ከሰው ቁመት አልፎ ቅጠሉ ጠቁሮ ሲወዛ፣ ጥቂት ራቅ ያለው ከደረት ሳያልፍ፣ ከዚያም ወዲያ ያለው ቢጫ ለብሶ ከወገብ በታች ቀርቶ ያገኘዋል። ዘሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ አራሹም አንድ ሲሆን፣ መሬቱ ደግሞ ከአንድ አያት የተወረሰ ያው ቀይ አፈር ሆኖ ሳለ፣ ልዩነቱን ያመጣው ከላሚቱ በረት ያለው ርቀት ነው።

ይህን ነገር የወላይታ ገበሬ ከማንም ሊቅ ሳይማር ስለሚያውቀው፣ ፍግ የጠገበውን የጓሮ መሬት «ዳርኩዋ»፣ ከዚያ ማዶ ያለውን ስስ መሬት «ሾካ» እያለ በስም ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ተክል ይመድብለታል፤ በዳርኩዋው እንሰት፣ ቡና፣ ጎመንና ጎዳሬ ሲበቅሉ፣ በቆሎ፣ ቦሎቄና ስኳር ድንች ከእነርሱ ቀጥለው፣ ጤፉ ደግሞ ከሁሉ ወጣ ብሎ ይዘራል። የእርሻ መጻሕፍት የእንስሳትን እርባታ በአንድ ምዕራፍ፣ የአዝመራን ነገር በሌላ ምዕራፍ ለያይተው ማስተማር ልማዳቸው ነው፤ እኔ ግን የወላይታን ግቢ ካየሁ ወዲህ፣ ይህ አከፋፈል ለጸሐፊው እንጂ ለገበሬው የተመቸ አይመስለኝም።

የሥራው መጀመሪያ የላሚቱ ሆድ ነው። ላም የምታመሰኳ ፍጥረት በመሆኗ፣ አራት ክፍል ባለው ሆዷ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እልፍ አእላፍ ተሕዋስያን አድረው፣ የሰው ሆድ ሊፈጨው የማይችለውን ገለባና አገዳ እያብላሉ ወተትና ሥጋ እንዲሆን ያደርጉላታል፤ በመኖው ውስጥ የነበረው ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ግን ከፍ ያለው እጅ በአዛባና በሽንት ተመልሶ ይወጣል። የወላይታ ቀይ አፈር ምንም እንኳ ጥልቅና ለማረስ የተመቸ ቢሆን፣ ዘመን የጠገበ ዝናብ ለምነቱን ያጠበው፣ ኮምጣጣነት የሚያጠቃው፣ ፎስፎረስንም ጨብጦ ለተክል የሚነፍግ ነውና፣ ይህ ከበረት የሚወጣ ሀብት ባይኖር እህሉ ከዓመት ወደ ዓመት ይጫጫ ነበር። ከብቶቹ ሌሊት ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ማደራቸው ከሌባና ከጅብ ይጠብቃቸዋል፤ ከዚያ የሚበልጠው ጥቅም ግን አዛባው በየሜዳው ሳይባክን ለማሳው ቅርብ በሆነ ስፍራ መከማቸቱ ነው።

ይህን ጸጋ አስቀድሞ የሚቀበለው እንሰት ነው። ከሙዝ ጋር አንድ ወገን ሲሆን የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው፤ የሚባዛውም በአብዛኛው በዘር አይደለም። ጥቂት ዓመት የቆየውን እንሰት ከሥሩ ቆርጠው፣ መካከለኛውን እምቡጥ ጎርጉረው አውጥተው፣ ግንደ ሥሩን ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ቢቀብሩት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በዙሪያው ብዙ ችግኝ ይፈላል። ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ፣ በየጊዜው አዛባ እየተደረገለት አድጎ፣ እንደ አየሩና እንደ እንክብካቤው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሲሞላው ይፋቃል፤ ከዚህ ላይ የወንዱ ሥራ አብቅቶ የሴቶቹ ጥበብ ይጀምራልና፣ ግንዱን ፍቀው፣ ሥሩን ቀጥቅጠው፣ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ አብላልተው ቆጮ ያደርጉታል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይባላል። ቅጠሉም በበጋ ሳር ሲጠፋ ውሃ ያዘለ መኖ ሆኖ ወደ ላሚቱ ይመለሳል። እንሰትን አጠውልግ የሚባለው በሽታ ሲይዘው ተክሉን ነቅሎ ከማስወገድ በቀር መድኃኒት አልተገኘለትም፤ በሽታው ከታመመው ወደ ጤነኛው ከሚሻገርባቸው መንገዶች ዋነኛው የገበሬው ቢላዋ ስለ ሆነ፣ ስለቱን በእሳት መለብለብ ግድ ነው።

ስለ ውጪው ማሳ ብዙ አልናገርም። ቦሎቄ በሥሩ ባሉ ተሕዋስያን አማካይነት ከአየር ናይትሮጂን ስለሚስብ ከበቆሎ ጋር ቢዘራ ይጠቅማል፤ በተዳፋቱ እርከን ላይ የሚተከለው የደሾ ሳር አፈሩን ይዞ ከብቱንም ይመግባል፤ ስኳር ድንች ደግሞ የበልጉ በቆሎ ሳይደርስ ጎተራ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ቤቱን ያሻግራል። ድርቅ የድንቹን ሐረግ ካቃጠለው ግን ለከርሞ የሚተከል ስለማይገኝ፣ አንድ ዝናብ ቢቀር ሁለት ዓመት ይጎዳል።

ወላይታ ስሙ በሩቅ የሚጠራበት ሙያ በሬ ማድለብ ነው። አጥንቱን ጨርሶ ያደገውን በሬ፣ ብዙ ጊዜም ቀንበር የሰለቸውን፣ ከቤት አስረው የታጨደ ሳር፣ የበቆሎ አገዳ፣ የስኳር ድንች ሐረግና ሥር፣ የእንሰት ቅጠል፣ የተቀቀለ እህልና ጨው ለወራት ያበሉታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ግጦሽ ፍለጋ የማይደክምና ቁመት የማይጨምር እንስሳ የበላውን ወደ ሥጋና ወደ ሞራ ይለውጠዋል። ባለቤቱ ግን ለበሬው ሲያጎርስ አይቼ፣ ይህ ስሌት ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ እንግዳ የሚያስተናግድ እንጂ ለገበያ የሚያዘጋጅ አይመስልም። በሬው በአዲስ ዓመታቸው በጊፋታ፣ ይኸውም ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ በሚውለው በዓል ዙሪያ ዋጋው ይንራል፤ በማኅበር ገንዘብ አጠራቅመው የሚያርዱት ሰዎች ሥጋውን ከዳጣ ጋር ያቀርቡታል። ታስሮ ባሳለፋቸው ወራት ያከማቸው ፍግ ግን ከዳርኩዋው አይወጣም።

አገሩ ከኢትዮጵያ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው አንዱ ስለ ሆነ፣ መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል መጀመሪያ የሚታረሰው የግጦሹ መስክ ነው፤ መስኩ ሲጠብ ከብቱ ያንሳል፤ ከብቱ ሲያንስ ፍጉ ያንሳል፤ ፍጉ ሲያንስ ዳርኩዋው ወደ ቤቱ እየሸሸ ሾካው ይሰፋል። ከብት የሌለው ሰው የሌላውን ላም ተቀብሎ፣ ላሚቱና ጥጃዋ የባለቤትዋ ሆነው፣ እርሱ ወተቱንና ፍጉን የሚያገኝበት «ሃራ» የሚባል ውል፣ ትርፉንም የሚካፈሉበት «ኮታ» የሚባል ሽርክና የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ወተት የነጠፈባትን ላም ስለ ፍጓ ብቻ የሚቀልብ ሰው ሞኝ የሚመስለው ካለ፣ የሾካውን በቆሎ ሄዶ ይይ።

መንግሥትም በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ብድር የወላይታን የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋዱ የሚባለውን አቋቁሞ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አከፋፍሏል፤ ከደጋው የተጨናነቀውን ሕዝብም በቆላው በአበላና በበሌ አስፍሯል። ቆላው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን የቆላው ዝንብ የሚያመጣው የገንዲ በሽታ ከብት አላኖር ስለሚል፣ ሰፋሪው መሬት አግኝቶ በሬ ያጣበት ጊዜ ነበረ። የፋብሪካው ማዳበሪያ ዛሬም ቢሆን ባብዛኛው የሚሄደው ወደ ሾካው ነው፤ ዳርኩዋው የላሚቱ ድርሻ ነውና።

ማለዳ ገና ጉሙ ከዳሞታ ሳይነሣ የቤቲቱ እመቤት በረቱን ጠርጋ፣ አዛባውን በቅርጫት ይዛ ወደ እንሰቱ ትወርዳለች፤ በመጀመሪያው ተርታ ጥቂት፣ በሁለተኛው ጥቂት ትደፋለች፤ ቅርጫቱ ባዶ ከሆነበት ተርታ ወዲያ ያለው ሾካ ነው።