እባጭ ሁሉ ሥጋ ደዌ አይደለም

አንባቢ ሆይ፤ ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ፊቱ ላይ እባጭ ያለበት ሰው አጠገብህ ቢቀመጥ «ሥጋ ደዌ ነው» ብለህ አትሽሽ። ሥጋ ደዌ ራሱ ዛሬ በመድኃኒት ይድናል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ብዙዎችን አክሟል።

የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ማጥፋት ያቃታቸውን ነገር ከበው ሲሰበሰቡ ግራኑሎማ የሚባል እብጠት ይሠራሉ። ሥጋ ደዌ፣ ቁንጭርና ቲቢ ያመጡታል፤ አልፎ አልፎ ግን ሊምፎማ፣ ማለትም የነጭ የደም ሕዋሳት ካንሰር፣ ከሥሩ ይሸሸጋል። ስለዚህ ሐኪሙ ከቆዳው ጥቂት ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያየዋል፤ ሕክምናው ካልሠራም እንደገና ቆርጦ ይመረምራል።

አንተም ለወራት ያልጠፋ እባጭ ቢኖርብህ ቅባት እየለዋወጥህ አትዘግይ፤ ወደ ሐኪም ሂድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።