ከመስታወት ማዶ፦ «ካሮል» ፊልምና የርቀት ቋንቋ

በሲኒማ ሁለት ገጸ ባሕርያት ምን ያህል ተራርቀው እንደቆሙና በመካከላቸው ምን እንደተጋረደ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ስለ ግንኙነታቸው ብዙ ይናገራል። ይህ ዘዴ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን በሚያሳዩ የአሜሪካ ፊልሞች ዘንድ የተለየ ክብደት ያገኘበት አንዱ ምክንያት፣ ሆሊውድ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረውና በ1968 የቀረው የፊልም ሥነ ምግባር ደንብ ጉዳዩን ማሳየት ቀርቶ በፍንጭ መጠቆምን እንኳ ለረጅም ዘመን ከልክሎ ስለነበር፣ ዳይሬክተሮች በአፍ የማይነገረውን በአስተያየትና በአቋቋም መግለጽን በመልመዳቸው ነው።

ቶድ ሄይንዝ በ2015 ያቀረበው «ካሮል» ይህን የቆየ ልማድ ማንም ሳያስገድደው መልሶ ያነሳዋል። ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ በ1952 በብዕር ስም ካሳተመችው ልቦለድ የተወሰደው ታሪክ፣ በኒውዮርክ የመደብር ሻጭ የሆነችው ቴሬዝ ከባሏ ጋር በፍቺ ላይ ካለችው ካሮል ጋር የያዛትን ፍቅር ይተርካል። የካሜራ ባለሙያው ኤድ ላክማን፣ ከፎቶግራፍ አንሺው ሶል ሌይተር የኒውዮርክ ምስሎች በመማር፣ ሴቶቹን ደጋግሞ የሚያሳየው ዝናብ ባረጠበው የመኪና መስታወት በኩል ወይም በበር መቃን መካከል ነው፤ በዚህም የተነሳ ፊታቸው ከፊሉ ሲታይ ከፊሉ በመንገድ መብራት ነጸብራቅ ይዋጣል።

ይበልጥ የረቀቀው ግን የምግብ ቤቱ ትዕይንት ነው። በፊልሙ መክፈቻ ካሜራው አንድ ወጣት ወንድን ተከትሎ ይገባል፤ ወጣቱ ቴሬዝን ከሩቅ አይቶ በስሟ ሲጠራት የሁለቱ ሴቶች ወግ ይቋረጣል፣ ካሮልም ለመሄድ ስትነሳ እጇን በቴሬዝ ትከሻ ላይ ለአፍታ ታሳርፋለች። ተመልካቹ ከወጣቱ ጋር ሆኖ ስለሚያይ ከተራ ስንብት የተለየ ነገር አይታየውም። ወደ ፍጻሜው ትዕይንቱ ሲደገም ግን ካሜራው ከሴቶቹ ጋር በጠረጴዛው ነው፤ ካሮል ፍቅሯን የገለጸችው ወጣቱ ከመጣራቱ ከጥቂት ቅጽበት በፊት እንደነበር የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው። የተፈጸመው ድርጊት ያው ሲሆን፣ የተለወጠው ተመልካቹ የሚያይበት ስፍራ ብቻ ነው። (ብልሃቱ ዴቪድ ሊን በ1945 ከሠራው፣ የወንድና የሴትን ፍቅር ከሚተርከው «ብሪፍ ኢንካውንተር» የተወሰደ ነው፤ ሄይንዝም ይህን አልደበቀም።)

ፊልሙን ቀዝቃዛ ነው ብለው የነቀፉት ጥቂት አልነበሩም። ነቀፋው ግን ርቀቱን ከስሜት ማነስ ይቆጥረዋል፤ ቴሬዝ በመጨረሻ ሰው በሞላው ምግብ ቤት ውስጥ ወደ ካሮል የምትሄድባቸው ጥቂት እርምጃዎች ያን ያህል የሚከብዱት፣ ፊልሙ ያንኑ ርቀት ከመጀመሪያው ጀምሮ በትዕግሥት ስለገነባው ነው።