ከግጭት የተረፉ ተማሪዎችን በግቢ ውስጥ እንዴት እንደግፍ?

ሌሊት የዶርም በር በኃይል ሲዘጋ አንዱ ተማሪ ተገላብጦ ይተኛል፤ ሌላው ግን ላብ እያጠመቀው፣ ዓይኑን ሳይከድን ያነጋል። በማግሥቱ ከክፍል ሲቀር «ሰነፍ ነው» ይባላል። ከዚህ ስም በስተጀርባ ግን ሕክምና የሚያሻው ችግር ሊኖር ይችላል።

በኢሉባቦር ዞን፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው መቱ ዩኒቨርሲቲ እንደ ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ከየክልሉ የሚመጡ ተማሪዎችን ይቀበላል። ባለፉት ዓመታት በትግራይ፣ በአማራ፣ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በጦርነትና በግጭት መካከል ያደጉ ወጣቶች ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ደን የሸፈነው የኢሉባቦር ምድር ለእንግዳ ዓይን የተረጋጋ ነው፤ ሆኖም አካል ከአደጋው ስፍራ ቢርቅም አእምሮ ወዲያው ተከትሎት አይወጣም።

ባለሙያዎች ይህን ችግር ድኅረ አደጋ ሰቀቀን ይሉታል። ሞትን፣ ከባድ ጉዳትን ወይም ጾታዊ ጥቃትን ባዩ ወይም በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ሊከሰት ይችላል። ምልክቶቹ በአራት ይከፈላሉ፦ ክስተቱ በቅዠትና በድንገተኛ ትዝታ መመላለሱ፤ እርሱን የሚያስታውሱ ቦታዎችንና ወሬዎችን መሸሽ፤ ራስን መውቀስና ከሰው መራቅ፤ እንዲሁም ዘወትር መደንገጥ፣ መቆጣትና እንቅልፍ ማጣት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እነዚህ ስሜቶች በብዙዎች ላይ ይታያሉ፤ አብዛኞቹም ያገግማሉ። ከአንድ ወር በላይ ዘልቀው ኑሮን ሲያውኩ ግን ምርመራ ያስፈልጋል።

አደጋን በመጠበቅ የተጠመደ አእምሮ ለንባብ የሚተርፈው ትኩረት ጥቂት ነው። ውጤት ሲወርድ ደግሞ ከትምህርት የመሰናበት ሥጋት ይጨመራል። ስለዚህ ድጋፉ ከፈተና በፊት መድረስ ይኖርበታል።

ችግሩን ቀድሞ የሚያየው የዶርም ጓደኛ ነው። «ምን አየህ? ንገረን» ብሎ ማስጨነቅ ቁስሉን ሊያባብስ ይችላል። ይልቁን «ስትፈልግ እሰማሃለሁ» ማለት፣ ከኋላ በድንገት አለመንካት፣ ወደ ካፌና ወደ ቤተ መጻሕፍት አብሮ መሄድ ይጠቅማል። ጫትና አልኮል ለጊዜው የሚያስረሱ ቢመስሉም እንቅልፍን ያውካሉ።

መምህራን በበኩላቸው በተደጋጋሚ የቀረን ተማሪ በክፍል ፊት ከመገሠጽ ለብቻው ማነጋገር፣ በበሩ አጠገብ እንዲቀመጥ መፍቀድ፣ መመሪያው በሚፈቅደው መጠንም የቤት ሥራና የፈተና ጊዜን ማመቻቸት ይችላሉ። የግቢው የምክር አገልግሎት ምሥጢር ጠባቂ መሆን አለበት። ተማሪው ስሜቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚገልጽበት ዕድል ማግኘቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሰሜን ለመጣ ወጣት የመቱ ከተማ ቋንቋ አዲስ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ሕክምና አለው። ቀዳሚው በሠለጠነ ባለሙያ በተከታታይ ቀጠሮ የሚሰጥ፣ በአሰቃቂው ትዝታ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ነው፤ እንደ አስፈላጊነቱም መድኃኒት ይታዘዛል። ከግቢው ክሊኒክ በላይ የሆነው ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ጸበልም ሆነ ዱዓ ለሚያጽናናው ተማሪ ከሕክምናው ጋር ጎን ለጎን መሄድ ይችላል፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው አያስፈልግም።

ሞትን የሚመኝ ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ተማሪ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ የጓደኛም፣ የመምህርም፣ የጥበቃ ሠራተኛም ግዴታ ነው።