ከቅጽሩ ውጭ ያለው አጋም

በጎጃም ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ግራ ቀኙን የጤፍና የስንዴ ማሳ ያያል፤ ራቅ ብሎ ጽድና ወይራ ጠቆር ካለ ደግሞ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ። ስለነዚህ ደኖች ዘወትር የምንሰማው አቤቱታ ዛፉ ተቆረጠ የሚል ነው። እኔ ግን የከፋው ጉዳት ከቅጽሩ ውጭ የደረሰ ይመስለኛል።

ከዓባይ ማዶ፣ በደቡብ ጎንደር፣ ተመራማሪዎች ጣሊያን በ1938 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ያነሳቸውን ፎቶግራፎች ከዛሬው ምስል ጋር አስተያይተዋል። ደኖቹ በአብዛኛው በየቦታቸው አሉ፤ ዙሪያቸውን የነበረው ቁጥቋጦ ግን ታርሷል፤ ባሕር ዛፍም ገብቷል። ምክንያቱ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ቅጽሩ የታቦት ነው፤ ምሳር የሚያነሳበት በቀላሉ አይገኝም። ከአጥሩ ወዲህ ያለው አጋምና ቀጋ ግን ጠባቂ የለውም፤ መሬት የጠበበው ገበሬ ቢመነጥረው አይፈረድበትም።

ጉዳቱ በወፎቹ ይታያል። ፈረንጆች «የሐበሻ ድመት ወፍ» የሚሏት፣ በ1843 እ.ኤ.አ. በሳይንስ የተመዘገበች ዘማሪ ወፍ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለችም። ግራጫ ናት፤ ግንባሯ ነጣ፣ ከጭራዋ ሥር ቀላ ያለች። ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። የምትሸሸገው በደንና በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሆነ ገላጣ ማሳ መጠጊያ አይሆናትም። እንዲህ በአንድ ቦታ ብቻ የምትኖር ወፍ ከጠፋች ደግሞ መመለሻ የላትም፤ በሃዋይ ካዋይ በምትባል አንዲት ደሴት ብቻ ትኖር የነበረች «ኦኦ» የተባለች ዘማሪ ወፍ ድምፅዋ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ያቺን ደሴት የከበባት ባሕር ነው፤ የእኛን ደኖች የከበባቸው እርሻ ነው።

ወፎች ከቀሩ የዛፉም ነገር አሳሳቢ ነው። የወይራን ፍሬ በልቶ ዘሩን ከደብር ወደ ደብር የሚያደርሰው ወፍ ነው። ያ ሲቋረጥ እያንዳንዱ ደን ከራሱ እናት ዛፎች ጋር ብቻውን ያረጃል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ካህናቱን ይዘው በየደብሩ ያሳጠሩት የድንጋይ አጥር ከብት አስቀርቶ ችግኝ አስበቅሏል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አጥር ወፍ አያሻግርም።

በወንዝ ዳርና በማሳ ወሰን ጥቂት እርምጃ ቁጥቋጦ ሳይነካ ቢተው መሻገሪያ ይሆን ነበር። ለቢቸና ገበሬ ግን ያ ጥቂት እርምጃ መረሬ አፈር ማለት ጤፍ ነው፤ ካሳ ሳይሰጡ ተው ማለት ግፍ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ ዐሻራ የችግኝ ተከላ ዘመቻ የምንቆጥረው የተተከለውን ችግኝ ነው። ሳይመነጠር ለቀረ አጋም ለገበሬው የሚከፍለው ማን ነው?