ሻርክ በአንድ ጀንበር ሰው መሆን ይችላል?

በ1963 (እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር) ዲሲ ኮሚክስ ያሳትመው በነበረው «ግሪን ላንተርን» የኮሚክ መጽሔት 24ኛ እትም ላይ አንድ አዲስ ክፉ ገጸ ባሕርይ ብቅ አለ። ስሙ «ዘ ሻርክ» ይባላል። ታሪኩን የጻፈው ጆን ብሩም፣ የሣለው ደግሞ ጊል ኬን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ውስጥ የሚኖር አንድ ታይገር ሻርክ የኒውክሌር ጨረር ያገኘዋል። ከዚያማ የሚሊዮኖች ዓመታት ዝግመተ ለውጥ በቅጽበት ያልፍና ሻርኩ እጅና እግር አውጥቶ፣ አንደበት ፈትቶ፣ የሰው አእምሮ የሚያነብ ፍጡር ይሆናል። የአዳኝነት ጠባዩ ግን አለቀቀውም፤ የሰው ፍርሃት ይጥመዋል።

ደራሲዎቹ ጨረርን የመረጡት ያለምክንያት አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት የኩባ የሚሳኤል ቀውስ ዓለምን አስጨንቆ ነበር። በዚያው በ1963 ነሐሴ ወር ላይ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ብሪታንያ በአየር ላይ፣ በባሕር ውስጥና በህዋ የኒውክሌር ሙከራ ላለማድረግ ተፈራርመዋል። ስለ ጨረር የማያወራ አልነበረም።

ታሪኩ ያዝናናል። ሳይንሱ ግን ሦስት ቦታ ላይ ይስታል። ሦስተኛው ስሕተት ከኮሚክ አልፎ ሆስፒታል ድረስ የሚዘልቅ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

አንደኛ፦ ጨረር ንድፍ አያወጣም

ጨረር ዲኤንኤን ሊለውጥ ይችላል? አዎ፣ ይችላል። አሜሪካዊው የዘረመል ተመራማሪ ኸርማን ሙለር የፍራፍሬ ዝንቦችን በኤክስሬይ እየመታ ይህንን በ1927 አሳይቷል፤ በ1946 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ታዲያ ሙለር ያየው ምንድን ነው? አዲሶቹ ለውጦች (ሚውቴሽን እንላቸዋለን) የታዩት በተመቱት ዝንቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ላይ ነው። አብዛኞቹም ጎጂ ነበሩ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአንድ ትልቅ እንስሳ አካል እጅግ ብዙ ትሪሊዮን ሴሎች አሉት። ጨረር ሲያርፍበት አንዱን ሴል እዚህ ጋ፣ ሌላውን እዚያ ጋ ይሰብራል። ሁሉም ሴሎች በአንድ ላይ ተስማምተው «በሉ፣ እጅ እንሥራ» ሊሉ አይችሉም። ሬዲዮ በመዶሻ ቢመታ ኮምፒውተር አይሆንም፤ ይሰበራል እንጂ። ብዙ ጨረር የተቀበለ እውነተኛ ሻርክ ይታመማል ወይም ይሞታል።

ሁለተኛ፦ መሰላል የለም

ኮሚኩ ሻርክን ታችኛው ደረጃ ላይ፣ ሰውን ጫፍ ላይ አስቀምጦ «ወደ ላይ ወጣ» ይለናል። ሕይወት ግን ከመሰላል ይልቅ ቅርንጫፉ የበዛ ዛፍ ትመስላለች። የሻርኮች የዘር ሐረግ ከ400 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኛ በራሳችን ቅርንጫፍ ስንለወጥ እነሱም በራሳቸው ቅርንጫፍ ሲለወጡ ነበር። የዛሬው ሻርክ ሰው ለመሆን ወረፋ የሚጠብቅ ፍጡር አይደለም።

እንዲያውም አእምሮ ማንበቡን ትተን እውነተኛው ሻርክ ያለውን እንይ። አፍንጫው አካባቢ በዝልግልግ ነገር የተሞሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ሎሬንዚኒ በ1678 ስለገለጻቸው በስሙ ይጠራሉ። ሻርኩ በእነዚህ አማካኝነት የሌላ ዓሣ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ የሚወጣውን ደካማ ኤሌክትሪክ ይሰማል። አሸዋ ውስጥ የተደበቀ ዓሣ እንኳ አያመልጠውም። ይኼ እኛ የሌለን ችሎታ ነው። ታዲያ «የበለጠው» ማን ነው? ጥያቄው ራሱ ትርጉም የለውም።

ሦስተኛ፦ አንድ ግለሰብ በዝግመተ ለውጥ አይለወጥም

ትልቁ ስሕተት ይኼ ነው። ስሙን ልብ በሉት፦ ዝግመተ ለውጥ። «ዝግመት» ቀስ ማለት ነው። ቀስ ብሎ የሚለወጠው ደግሞ አንድ ሻርክ ሳይሆን የሻርኮች ሕዝብ በጠቅላላ ነው፤ ያውም ትውልድ በትውልድ ላይ ሲተካ። አንዳንዶቹ ሲወለዱ ጀምሮ ከሌሎቹ በጥቂቱ ይለያሉ። ልዩነቱ በሕይወት ለመቆየትና ለመውለድ የጠቀማቸው ብዙ ልጆች ይተካሉ፣ የሌሎቹ ቁጥር ያንሳል። በቃ፣ ተፈጥሯዊ ምርጫ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሆስፒታሉ እንሂድ። «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቃሉ ትንሽ ያሳስታል። ሕፃን ልጅ በርበሬ እያቃጠለው ቀስ በቀስ እንደሚለምደው ሁሉ፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን እየቀመሰ የለመደው ይመስለናል። ሌሎች ደግሞ «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይላሉ። ሁለቱም የኮሚኩ ዓይነት አስተሳሰብ ናቸው፤ አንዱ ግለሰብ ራሱን ለወጠ እንደማለት።

እውነቱ ሌላ ነው። በታመመ ሳንባ ውስጥ እጅግ ብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች አሉ። ሲባዙ ዲኤንኤያቸውን ይገለብጣሉ፤ ሲገለብጡም አልፎ አልፎ ይሳሳታሉ። ከስሕተቶቹ ጥቂቶቹ አንድን መድኃኒት የሚያስመልጡ ይሆናሉ፤ ያውም ታማሚው ያንን መድኃኒት ገና ሳይጀምር። መድኃኒቱ ሲመጣ ሌሎቹ ያልቃሉ፣ ያመለጡት ብቻቸውን ሜዳውን ይዘው ይባዛሉ። ማንም ምንም አልለመደም። የሞተው ሞተ፣ የተረፈው ወለደ።

ይኼ በ1940ዎቹ በግልጽ ታይቷል። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ብዙ የቲቢ ሕሙማን በመጀመሪያ ተሻላቸው፤ በኋላ ግን መድኃኒቱ የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በዙባቸው። መፍትሔው ከዚሁ ስሌት ወጣ። አንድን መድኃኒት የሚያመልጥ ባክቴሪያ ከሚሊዮን አንድ ነው እንበል። ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ የሚያመልጠው ከአንድ ሚሊዮን ሚሊዮን አንድ ይሆናል፤ ይኼ በአንድ ሳንባ ውስጥ መገኘቱ አጠራጣሪ ነው። የተለመደው የቲቢ ሕክምና በአራት መድኃኒቶች የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ ሕክምናው 6 ወር ይቆያል። በሁለተኛው ወር «ተሽሎኛል» ብሎ ያቋረጠ ሰው ውስጡ የቀሩትን ባክቴሪያዎች እንደገና እንዲባዙ ይፈቅድላቸዋል። መድኃኒቱን እያቋረጠ ሲወስድ ደግሞ የሚያመልጡትን እየመረጠ ያሳድጋል። እነዚያም በሳል ወደ ቤተሰቡና ወደ ጎረቤቱ ይሻገራሉ።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ ቢሻለውም ሐኪሙ ሳያዘው እንዳያቆም ንገሩት። «ለምን?» ካላችሁ ደግሞ መልሱን አሁን ታውቁታላችሁ።