ሐኪም ወርቅነህ፤ ጠፍቶ የተገኘ ልጅ

ዛሬ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም ዩኒቨርሲቲም ስላለ፥ ልጁን በሌሊት ትኩሳት የያዘበት አባት ቢያንስ የሚሄድበትን ያውቃል። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን ግን ለጎጃም ሰው ሐኪሙ ወጌሻ፥ መድኃኒቱ ኮሶና ፀበል ነበረ፤ ከዚህ ያለፈውን ሕመም ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ ይቀበለው ነበር። የፈረንጅ ሐኪም ለማየት የፈለገ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ እስከ አዲስ አበባ መድረስ ነበረበት፤ ይህም ጉልበትና ስንቅ ላለው ነው።

በዓድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ከጎጃም የዘመተው ሠራዊት እንደ ሌላው ወገኑ ሁሉ ብዙ ቁስለኛ ነበረው። ይህ ወሬ በመስኮብ አገር በተሰማ ጊዜ የቀይ መስቀል ማኅበር በጄኔራል ሽቬዶፍ መሪነት 60 ያህል ሰዎች ላከ። ኢጣልያኖች በምጽዋ እንዳያልፉ ቢከለክሏቸው በጅቡቲ ዞረው፥ በሐረር በኩል በዚያው ዓመት ክረምት አዲስ አበባ ገቡና ቁስለኛውን ያክሙ ጀመር። ቀጥሎም በከተማው የመስኮብ ሆስፒታል ተቋቁሞ እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ ሲሠራ ቆየ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተተከለውም በዚያው ቦታ ላይ ነው። እነዚህን እንግዶች በምስጋና እናስባቸዋለን። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልንተርክ የወደድነው ግን የመስኮብ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ሳሉ ከሌላ ወገን ስለ መጡት፥ እንግዳ ስለ ተባሉትና እንግዳ ስላልነበሩት ሐኪም ነው።

በ1891 ዓ.ም. ቻርልስ ማርቲን የሚባሉ ሐኪም ከበርማ ተነሥተው አዲስ አበባ ደረሱ። ስማቸው የእንግሊዝ፥ ልብሳቸው የእንግሊዝ፥ ቋንቋቸውም የእንግሊዝ ነበረ፤ መልካቸው ግን የአገራችን ሰው ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ባረፉ ጊዜ፥ ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን የቀረ አንድ የጎንደር ሕፃን ነበር። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ መኰንን አንሥቶ ወደ ሕንድ ወሰደው። ይህ ሰው በሞተ ጊዜ ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል ያስተምረው ጀመር፤ ልጁም ከአንዱ የመጀመሪያውን፥ ከሌላው ሁለተኛውን ስም ወረሰ። በላሆር የሕክምና ትምህርቱን በ1874 ዓ.ም. ፈጽሞ፥ ደግሞ በስኮትላንድ ዕውቀቱን አስፋፍቶ፥ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነ። ደመወዝም ማዕረግም አልጐደለበትም። የዓድዋን ድል ከሰማ በኋላ ግን አሳዳጊ የሰጠው ስም አላረካውምና የተወለደባትን አገር ፍለጋ ተነሣ።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ድንኳን ተክለው በሽተኛውን ያለ ዋጋ ያክሙ ጀመር። አማርኛውን ረስተውት ስለ ነበረ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። አስቡት! ሐኪሙ የበሽተኛውን ሕመም ይረዳል፥ የገዛ እናቱን ቋንቋ ግን አይሰማም። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ እየተዛመተ ሄደና ከዘመዶቻቸው ጆሮ ደረሰ። ከነዚሁ መካከል አያታቸው መጥተው፥ በሕፃንነት በአካላቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ አይተው ልጃቸው መሆናቸውን አወቁ። ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውንም ያን ጊዜ ሰሙ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠፍቶ የቆየ ስም በአንዲት ባልቴት ዘንድ ተጠብቆ መገኘቱ ይህን በጻፍን ቁጥር ያስገርመናል።

ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ፤ ግን ልባቸው አልተመለሰምና ደግመው መጡ፥ በመጨረሻም እዚሁ ጠቀለሉ። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው በሕክምና ብቻ አልተወሰነም። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው አሳተሙ። ለእኛ ለጎጃም ሰዎች ደግሞ ልዩ የሆነው ነገር ይህ ነው፤ በ1920 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ስፍራ ግድብ ለማሠራት ከአንድ የኒው ዮርክ ኩባንያ ጋር እንዲነጋገሩ ወደ አሜሪካ የተላኩት እርሳቸው ነበሩ። አሳቡ በዚያ ዘመን ሳይፈጸም ቀረ። በጨርጨርም አገረ ገዥ ሆነው በመንገድ ሥራ ተመሰገኑ። ሐኪም መንገድ ለምን ይሠራል የሚል ቢኖር፥ የዓባይን በረሃ በቃሬዛ የተሻገረ በሽተኛ ይመልስለት።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የኢጣልያ ጦር በመጣ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ለአገራቸው ተሰለፉ። አባትዮው በለንደን ስለ ኢትዮጵያ እየጮኹ ሳሉ፥ በ1929 ዓ.ም. በየካቲት 12 ከተጣለው ቦምብ በኋላ ኢጣልያኖች ሁለቱንም ገደሏቸው። በመቅደላ ልጅን ከወላጅ የለየው ጦርነት፥ በስተርጅና ወላጁን ከልጆቹ ለየ። አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. በመስከረም ወር በአዲስ አበባ ዐረፉ።