በኮቪድ-19 ሕሙማን ላይ የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ መቼ ያስፈልጋል?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን መግባቱ የተረጋገጠው ኮቪድ-19 በዋናነት የመተንፈሻ አካላትን ቢያጠቃም፣ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ልብንም ይጎዳል። የልብን ጡንቻ ሊያዳክም ወይም ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ የረጋው ደም ሳንባ ውስጥ ሲደርስ ደግሞ በቀኙ የልብ ክፍል ላይ ከባድ ጫና ያሳድራል። ስለዚህ የትንፋሽ ማጠር ሁሉ የሳንባ ችግር ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

የልብ አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ አማካይነት ልብ ደም የመርጨት አቅሙን፣ የክፍሎቹን መጠንና የቫልቮቹን ሁኔታ ያሳያል። ጨረር የለውም፤ ሕመምተኛው ከአልጋው ሳይነሣም ሊከናወን ይችላል።

ይሁን እንጂ ምርመራው ለሁሉም ሕመምተኛ አይታዘዝም። መርማሪው ከሕመምተኛው አጠገብ ለበርካታ ደቂቃዎች ስለሚቆይ ለቫይረሱ ይጋለጣል። በመሆኑም ምርመራው የሚደረገው የልብ ጉዳት ምልክት ሲታይና ውጤቱ ሕክምናውን የሚለውጥ ሲሆን ነው።

በአገራችን በልጅነት ከሚከሰት የጉሮሮ ቁስለት የሚመነጨው የሩማቲክ የልብ ሕመም የብዙ ወጣቶችን የልብ ቫልቭ ጎድቷል። በጉለሌ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ሆነ በሌላ ጤና ተቋም የልብ ክትትል ያላችሁ፦

• መድኃኒታችሁንና የፔኒሲሊን መርፌያችሁን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጡ።
• ለኮቪድ-19 ስትታከሙ የልብ ሕመም እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የቀድሞ የምርመራ ውጤታችሁንም አሳዩ።
• የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የእግር እብጠት ወይም በጀርባ ሲተኙ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ለመረጃ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ደውሉ።